ለእንግዳ የተመረጠ ድንጋይ

ኬሚስትሪ ተምሬ ድሬዳዋ ስመደብ የተሰጠኝ ሥራ፣ ከከተማው ወጣ ባለ የኖራ ድንጋይ ካባ የሚጣለውን ድንጋይ መመርመር ነበር። ለፋብሪካ የሚሆነውን ነጩን ድንጋይ የሚመረምሩ ሌሎች ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ “ለሚጣል ነገር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?” ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ውዳቂው ድንጋይ ለገልባጭ መኪኖቹ በሚቀርበው ገደል አፋፍ ላይ ቢከመር፣ ዝናብ ሲመጣ ይቆማል ወይስ ይናዳል? ከገደሉ ሥር ለሾፌሮቹ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ዳስ ጥላ ከልጆቿ ጋር እዚያው ትኖራለች። ጭቃ ያለበት ድንጋይ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። ስለዚህ እስካሁን ከተከመረው ናሙና ወስዶ ባልዲ ውስጥ መንከር ነው።

ናሙናውን ክምሩ ላይ ወጥቼ መልቀም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ እያየኝ በጉርድ ቀሚስ እንዴት ልውጣ? የካባው ፎርማን ገባቸው።

“አቦ፣ አንቺ ጥላው ሥር ተቀመጪ፤ እኛ እናመጣልሻለን።”

አመጡልኝ፤ ነከርኩት። ባልዲዎቹን ደርድሬ ስጠብቅ ሾፌሮቹ አልማሩኝም።

“ድንጋዩን ክርስትና እያነሳችው ነው” አለ አንዱ።

“ወላሂ አይደለም! ዛሬ ጁምዓ አይደል? ለሶላት እያጠበችው ነው” አለ ሌላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ጓድ ባልዲ” ሆኖ ቀረ። ከድንጋዩ ግን አንድም አልፈረሰም። “ይቆማል” ብዬ ፈረምኩ፤ መኪኖቹም አፋፉ ላይ መገልበጥ ጀመሩ።

በሳምንቱ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። ሴትየዋ ብርጭቆ ያለቀለቀችበትን ውኃ ከክምሩ ተንከባልሎ የመጣ አንድ ድንጋይ ላይ ደፋችው። ሻዬን ሳልጨርስ ድንጋዩ ሻይ ውስጥ እንደገባ ብስኩት ተበተነ። ቀና ብዬ ክምሩን አየሁ፤ ልጆቿንም አየሁ። ክረምቱ ሩቅ አልነበረም።

ፎርማኑ ዘንድ የደረስኩት ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው።

“ያን ጊዜ ያመጣችሁልኝ ድንጋይ ከየት ነው?”

“ከክምሩ ነዋ። መርጠን።”

“ለምን መረጣችሁ?”

“ለምን ትላለች እንዴ! የተማረች ልጅ እንግዳ ሆና መጥታ ጭቃ እንስጣት? ቀፊራ ገበያ ብናወጣው ገዢ የሚሻማበት ድንጋይ ነው የሰጠንሽ!” ብለው ተቀየሙኝ።

ሰዎቹ ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ምርመራዬ ትክክል ይሆን ነበር።

በማግስቱ የወንድሜን ሱሪ ከሻንጣዬ አውጥቼ ለብሼ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ከታች አጨበጨቡልኝ። ጥሩ መጥፎ ሳልል፣ በየአሥር እርምጃው እግሬ ሥር ያገኘሁትን አነሳሁ። እስከ ማታ ከባልዲዎቹ አብዛኞቹ ጭቃ ሆነዋል።

አስቸጋሪው ነገር የፈረምኩትን መሻር ነበር። በሰኞው ስብሰባ ሰባት ወንዶች ጠረጴዛውን ከበዋል። ያጠናሁትን ዐረፍተ ነገር ትቼ ብድግ አልኩና አንዱን ባልዲ የካባው አለቃ ፊት አስቀመጥኩት። ጣታቸውን ሰደዱና በጭቃ እንደተለቀለቀ አወጡት።

“ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ይቆማል... ብዬ የፈረምኩት ድንጋይ ነው።”

ሁሉም ሳቁ፤ አለቃው ግን አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ዶዘር ከአፋፉ ላይ ክምሩን ወደ ኋላ ገፋው፤ መጣያውም ራቅ ወዳለው ሜዳ ተዛወረ። መንገድ ስለረዘመባቸው ሾፌሮቹ አኮረፉኝ። ከሁሉም የባሰችው ግን ሻይ ሻጯ ነበረች።

“ከድንጋይ አዳነችሽ አሉኝ፤ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ” አለችኝ። “ሾፌሮቹንስ የት ወሰድሽብኝ?”

ከጥቂት ቀን በኋላ አዲሱ መጣያ ስሄድ ሴትየዋ ደንበኞቿን ተከትላ መጥታለች። ዳሱ ተተክሏል፣ ሻዩ ተጥዷል፣ ልጆቿም አዲሱ ክምር ሥር፣ ጥላው ውስጥ ይጫወታሉ።

ሰባት ሰው ፊት አንድ ዐረፍተ ነገር የከበደኝ እኔ ከእሷ ጋር እስከ እኩለ ቀን ተጨቃጨቅሁ። እሷ በኦሮምኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ፤ ሾፌሮቹ ሻያቸውን ይዘው ያዩናል። በመጨረሻ እያጉረመረመች ማንቆርቆሪያዋንም ልጆቿንም ይዛ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። እዚያ ጥላ የለም። የድሬዳዋ ፀሐይ አናቷ ላይ በወጣ ቁጥር የምትረግመው እኔን ነበር።