የቢልቂስ ዙፋንና የእኔ በርጩማ

ለሦስት ቀን ብዬ ከደሴ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ወረድሁ። ስገባ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ያለች የመሰለችኝ በርጩማዬ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣለች።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ «አክስትሽን እንጠይቅ» ብላ ከሐርቡ ወደ ገራዶ ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ የንግሥት ቢልቂስን ነገር ስታወራኝ ነበር።

«አገር ሙሉ እየገዛች፣ ሰዎቿን ሳታማክር አንድ ነገር አትቆርጥም። ነቢዩላህ ሱለይማን ዘንድ ስትሄድ ዙፋኗ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት። ‹ያንቺ ነው?› ቢሏት ‹ይመስላል› አለች።»

«የራሷን ዙፋን እንዴት አታውቅም?»

«ታውቃለች ልጄ። ሰው አገር ገብታ ምን ትበል?» አለችና ወዲያ ዞረች።

ገራዶ ስንደርስ አባቴ የጠረበልኝን በርጩማ ከማላውቃቸው ሰዎች ምድጃ አጠገብ አየኋት። ለልጃቸው ታጭቼ እዚያው ላድግ ኖሯል። እኔን ማንም አላማከረኝም። እናቴ በማግስቱ ጧት ብቻዋን ተመለሰች።

ዛሬም የቀደመችኝ ያችው በርጩማ ናት። ልጄ አንገቱን ደፍቶ፣ «ደሴ ብቻሽን አይሆንም እማ፣ ከእንግዲህ እዚህ ከኛ ጋር ነሽ» አለኝ።

ትንሿ የልጅ ልጄ በርጩማዋን እየነካካች፣ «እማማ፣ ይቺ የእርስዎ ናት?» አለችኝ።

«ትመስላለች» አልሁና ተቀመጥሁባት።