ዘነበች ያመጣችው ዶቅማ

ጪጩ ገበያ ዶቅማ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም በታላቅ እህቴ በዘነበች እቀናለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። አባባ ለንግድ ሄዷል ተብያለሁ። እናቴ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ትጠቀልልና ዘነበችን ከጫካው ማዶ ላለችው አክስታችን አድርሺ ብላ ትልካታለች። እሷም ምላሷ ጠቁሮ፣ በዚያው ቅጠል የበሰለ ዶቅማ ቋጥራ ትመለሳለች። እኔ አንድም ቀን አልተላክሁም።

«ዛፍ ላይ መውጣት ትፈራ የለ? ዶቅማውን ማን እያወረደላት ነው?» አልኳት እናቴን፣ ቅናቱ እያስለቀሰኝ።

እናቴ ተነስታ በሩን ዘጋች። «ዝም ብለሽ ብዪ። ይህን ነገር ደጅ ወጥተሽ እንዳትደግሚው።»

አባባ ከዚያ ጫካ ሳይመለስ ቀረ። ዘነበች አርጅታም መልኩን ታስታውሳለች። እኔ የማውቀው ያወረደልንን የዶቅማ ጣዕም ብቻ ነው።