የተቸነከረው መስኮት

ይኸው፣ ልጄ፣ የጋለው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ደፋሽበት። ሽታው እኔ ጋ ድረስ መጣ። አንቺ ምን ታደርጊ፤ መኝታ ክፍልሽን የከሰዓት ፀሐይ እያገኘው እንቅልፍ ቢነሳሽ ነው። ውሃው ያቀዘቅዝልሻል፣ ግድ የለም። እኔ ግን ይህን ሽታ አልወደውም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ በተርታ ከተሠሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። መኝታ ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ እሱም ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋሞ ተራሮች ያዞረ። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ያንን መስኮት ካገኘችው ከተራራው ጀርባ እስክትገባ አትለቀውም። ቆርቆሮው ከላይ ሲንጣጣ ይሰማል። በደጉ ጊዜ አመሻሽ ላይ እንከፍተውና ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ክፍሉን ወዲያው ያበርደው ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር ሲመጣ መስኮቱ ተቸነከረ። የቀበሌ ሰዎች ኮታ ለመሙላት ጎረምሳውን ከገበያም ከትምህርት ቤት ደጃፍም እየለቀሙ በከባድ መኪና ይጭኑ ጀመር። የወንድሜ ዕድሜ ደርሷል። እናቴ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከተተችው፤ መስኮቱን በምስማር መታችው፤ በሩን በጓጉንቸር ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረች። ለጠየቃት ሁሉ ልጄ ተራራው ላይ ኦቾሎ አጎቱ ዘንድ ወጥቷል፣ ክፍሉን እህል አስቀምጬበታለሁ ትል ነበር።

እንግዲህ ሙቀቱን አስቢው። ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው በበሩ በኩል ይሰማናል። እናቴ አንጀቷ አልችል አላት። የሰርጓን ጋቢ ውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ከውስጥ ሰቀለችው። ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ተሸክማ አምጥታ ወለሉ ላይ ደራረበችለት፤ ሸሚዙን አውልቆ በሆዱ ይተኛበታል። ሲሚንቶውንም ውሃ ታጠጣዋለች፤ ትንሽ ሲቆይ እንደገና ታጠጣዋለች። ውሃ አመላላሿ እኔ ነበርኩ። ቦኖ ላይ ሴቶቹ ይቺ ልጅ ቧንቧውን ልታደርቀው ነው እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም እናቴ ንጽሕና ትወዳለች እያልኩ አልፋለሁ። ለነገሩ ውሸት አልነበረም።

ወንድሜ ቀልደኛ ነበር። ራቱን ሳስገባለት፣ "የጫሞ አዞ ሆንኩ እኮ፤ በሆዴ ተኝቼ አፌን ከፍቼ እውላለሁ" ይለኛል። ሳቁን በእርጥቡ ጋቢ ያፍነዋል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻውን መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከለ ሰው። ላቡ እየተንጠባጠበ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወንድሜ ከኦቾሎ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ አልተመለሰም አለች። ምነው እዚያው በሸኘችው። ግን ያደገችበት ነገር አይለቃትም፤ እንግዳ ደጃፍ ላይ አይቆምም፣ ከገባም ከቤቱ የተሻለው ቦታ ይሰጠዋል። በዚያ ሰዓት የቤታችን የተሻለ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመኝታ ክፍሉ በር ሥር የእርጥቡ ሲሚንቶ ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበት ጥግ። ሁልጊዜም እዚያ ነው የምንቀመጠው። ሳታስበው ወንበሩን ወስዳ እዚያ አኖረችለት። ዓይኗን ብፈልገው ወደ እኔ አላየችም።

ሰውዬው ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቤትሽ እንዴት ይቀዘቅዛል፣ እትዬ" አለ። ከልቡ ነበር፤ ደክሞት ነበር። ከዚያ እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ ጫማው ውሃ ረገጠ። ከበሩ ሥር ቀጭን ውሃ እየወጣ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው።

"እህል ያለበት ክፍል ውሃ ይደፋል እንዴ?" አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ።

እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። ያን ጊዜ ወንድሜ ከውስጥ ተናገረ።

"እማዬ፣ ክፈቺው። አለዚያ በሩን ሰብረው አንቺንም ይወስዱሻል።"

እናቴ ከፈተችለት፤ ሲወጣ የሙዝ ቅጠሉ መስመር ደረቱ ላይ ታትሞ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩለት። ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበቀ። "ኮታ ነው፣ እትዬ" አለ ሲሄዱ። እስከ ዛሬ ያቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ደርግ ሲወድቅ የሌላው ሰው ልጅ በባዶ እግሩም ቢሆን መጣ። የእኛ አልመጣም። የት እንደቀረ የነገረን የለም። እናቴን ለብዙ ዓመት ተቀይሜያት ነበር፤ ለዚያች ወንበር፣ ለዚያ ጨዋነቷ። እሷም ታውቅ ነበር። ሳንነጋገርበት ሞተች።

ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ወንድሜ የተወሰደ ዕለት አመሻሹ ነው። እናቴ ምስማሩን በመዶሻ ነቅላ መስኮቱን ከፈተችው። ነፋሱ ከተራራው ወረደ፤ ያልደረቀውን ጋቢ አወዛወዘው፤ ያ ስንት ውሃ የፈሰሰበት ክፍል በአፍታ በረደ። እሷ የሙዝ ቅጠሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርድ ብርድ ሲለኝ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ።

"ተይው" አለችኝ። "ከእንግዲህ ማንን ልደብቅበት ነው።"