የአክስቴን እግር በቀልድ የተኮስኩት እኔ ነኝ

አይደለም። ሐኪሙ ነው ያስፈራት የምትሉ ሁሉ ተሳስታችኋል። ገጠሬ ስለሆነች ነው የምትሉም ዝም በሉ። አክስቴን ኸዲጃን ከሕክምና ያስሸሸኋት እኔ ነኝ። ይቺን እስከ ዛሬ ለሰው ተንፍሻት አላውቅም። ምላስ አጥቼ እንዳይመስላችሁ። ሰንበቴ ከብት ገበያ ከእኔ የሚበልጥ ደላላ ካለ ይምጣ። አፋሩን በአፋርኛ፣ ደገኛውን በአማርኛ፣ የጨፋውን በኦሮምኛ አስማማለሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ ምላሴ ግን አልቆመም።

አክስቴ ጨፋ ሮቢት ማሽላ ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ቆማ ስትሰፍር የባቷ ደም ስር አብጦ እንደ ገመድ ተጠማዘዘ፣ እግሯ ያቃጥላት ጀመር። ደሴ የደም ስር ሐኪም መጣ ሲባል እኔው ወሰድኳት። አማርኛዋ የገበያ ነው፣ የሐኪም አማርኛ አይገባትም። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። "ቢላ የለም። እግሯን እናደነዝዝና በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ እናስገባለን። የታመመውን ደም ስር ከውስጥ በሙቀት እንዘጋዋለን፣ ደሙ በጤነኛው በኩል ይሄዳል። በዚያው ቀን በእግሯ ትወጣለች።" ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብዬ ባመልጥ እንዴት በተመቸኝ። ግን ገብቶኛል። "በሉ ተማከሩ" ብሎ አስወጣን።

ኮሪደሩ ወረፋ በያዘ የአገራችን ሰው ሞልቷል። "ማል ጄዴ?" አለችኝ፣ ምን አለ ማለቷ ነው። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። እኔ ደግሞ ሰሚ ካገኘሁ አልችልም። በኦሮምኛ እንዲህ አልኳት፦ "ያን የሚያነክሰውን ዳለቻ በሬያችንን ታስታውሺ የለም? ብረት አግለው እግሩን የተኮሱትን? አንቺንም እንደሱ ነው። ሽታው ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰንበቴ ባወጣሽ እንኳ ጠባሳሽን አይቶ የሚገዛ የለም።"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ "ሙሄ፣ ይቺን ምላስህን አላህ ይያዝልህ" እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ያ በሬ ግን ከተተኮሰ በኋላ አልተነሳም፣ ታረደ። አክስቴ ይህን ታውቃለች። ሻሿን አጠበቀችና "ሃ ዴምኑ" አለች። እንሂድ።

ያኔ "ቀለድኩ" ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ግን ያ ሁሉ ሰው እየሳቀልኝ እንዴት ልበል? ሚኒባሱ ውስጥ እነግራታለሁ አልኩ፣ ሚኒባሱ ውስጥም ተሳፋሪው ድገመው አለኝ፣ ደገምኩት። ነገ እላታለሁ አልኩ። ነገ ገበያ ነበር። ከዚያ ወሬው በየበርጫው የእኔ ምርጥ ቀልድ ሆነ። ማን በገዛ አፉ ምርጥ ቀልዱን ይገድላል? እኔ አልገደልኩትም።

ሁለት ረመዳን አለፈ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳው ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቆሰለ፣ ቁስሉ እምቢ አለ። መቆም ሲያቅታት የገበያ ቦታዋን ሌላ ሴት ያዘችው። እኔ ቅባት ገዝቼ እየወሰድኩ "አይዞሽ" እላት ነበር። ቅባት የሚገዛ የወንድም ልጅ እያለ ሰፈሩ መረቀኝ።

ዘንድሮ ቁስሉ ሲደማ እንደገና ወሰድኳት፣ ሌላ ሐኪም ጋ። ያንኑ ቃል ተናገረ፦ መርፌ፣ ሽቦ፣ ሙቀት፣ በዚያው ቀን ቤት። አሁን አንድም ሳልጨምር ተረጎምኩ። "ይሄኛውስ እሳት የለውም" ብላ እሺ አለች። ብዙም ሳይቆይ ጨረሱ፣ ጥብቅ ካልሲ አለበሷትና በእግሯ ወጣች። ሐኪሙ እኔን ለብቻ አስቀርቶ "ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ይሄ ቁስል አይወጣም ነበር" አለኝ። ይቺን አልተረጎምኩም።

በሩ ላይ እጄን ያዘችና "ሙሄ፣ ያኔ ከዚያ ከእሳት ሐኪም ያዳንከኝ አንተ ነህ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው" አለች።

"አሚን" አልኩ።

ቀልዱን እሺ ልጅነት በሉት። አሚኑንስ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስም አላገኘሁለትም። እናንተን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም፣ እግሩ የእናንተ አይደለም። አውፍ ማለት የምትችል እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን እንዳደረግኳት አታውቅም። ደላላ ነው፣ ይጨምራል የምትሉ ካላችሁ ሂዱ። ነርሷ በሩን ይዛልን ነበር፣ የባጃጁ ሹፌር ሞተር አጥፍቶ ይጠብቀን ነበር። አሚን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። ጠይቋቸው።