ስክሪን መቁረጥ የተማርንበት ክረምት

ያን ክረምት ራጉኤል ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ኢሜይል ለማያውቅ እከፍታለሁ። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣ ስለነበር አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኞቻችን ታች ወርደው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ውጭ ግን የሚሊኒየሙ በዓል ስለተቃረበ መርካቶ አብዳለች። ሁሉም ለአዲሱ ዓመት አዲስ ልብስ ይፈልጋል፤ ሸማ ተራ መተላለፊያ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ አንዲት ሴት ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ ርሶ ተጣብቆ ገቡ። በመልክ አውቃቸዋለሁ። ሸማ ተራ የጥልፍ ቀሚስ ይሸጣሉ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ያረጁ ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም እትዬ ይላቸዋል።

«ልጄ፣ በኢንተርኔት ሰው መጠየቅ ይቻላል?» አሉኝ፣ እንደቆሙ።

«ምን ዓይነት ሰው፣ እትዬ?»

«ማሽን የሚያውቅ።»

አስቀመጥኳቸውና ነገሩን ነገሩኝ። የሱቃቸውን ግማሽ ለሌላ ነጋዴ ለቀው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽን ከዱባይ አስመጥተዋል። ትንንሽ አበባ አሳምሮ ይጠልፋል። ትልቁን የደረት ጥልፍ ሲያዙት ግን ኮምፒውተሩ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣና ቀጥ ይላል። ያመጣላቸው ነጋዴ «እኔ የማውቀው ማስገባቱን ነው» ብሏቸዋል። መካኒኩ ማሽኑን ፈትቶ ምንም አላገኘበትም። ወንድማቸው ደግሞ ለዓይን አዲስ ሳለ እንዲሸጡት ይጎተጉቷቸዋል።

«እንዴት እሸጠዋለሁ? ሁለት ጠላፊዎች ሥራ አለ ብዬ ከነበሩበት ቤት አስወጥቻለሁ። ቁጭ ብለው እኔን እኔን ያያሉ።»

ስለ ጥልፍ ማሽን የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን ስፈልግ ውዬ የጥልፍ ማሽን ያላቸው ሰዎች የሚወያዩበት አንድ ፎረም አገኘሁ። አብዛኞቹ በሩቅ አገር ያሉ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሰፉ አሮጊቶች ናቸው። በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ ጥያቄውን ጻፍኩ። በማግስቱ አጭር መልስ መጣ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በሥዕል አሳዩን።

በምሳ ሰዓት እትዬ ሱቅ ሄድኩ። ማሽኑ ላስቲክ እንደለበሰ ጥግ ቆሟል። ሁለቱ ጠላፊዎች አጠገቡ ተቀምጠው ዘርፍ ይቋጥራሉ። ጽሑፉ ሲወጣ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሥዕል መሣያው ፕሮግራም ላይ ለጠፍኩትና በፍላሽ ይዤው ወጣሁ።

ቢሮ ተመልሼ ልጭነው ብል እምቢ አለ። መጀመሪያ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ስሞክር ፎረሙ ራሱ ሥዕሉ ከተፈቀደው በላይ ከባድ ነው ብሎ መለሰው። እኔም ሙሉውን ስክሪን እንዳለ አሳነስኩት፣ አሁንም አሳነስኩት፣ የፖስታ ቴምብር እስኪያክል። በመጨረሻ ገባልኝ። ተከትለውኝ የመጡት እትዬ «ሄደ?» አሉ፤ «ሄደ!» አልኳቸው። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

መልሱን የጻፈችው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነኝ የምትል ሴት ነበረች። «የኔ ውድ፣ ከጉንዳን ሰልፍ በቀር የሚታየኝ የለም። አታሳንሺው፣ ቁረጪው። የሚያመውን ቦታ ብቻ አሳዪን» ትላለች። ለእትዬ ስተረጉምላቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«እውነቷን ነው! ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ቤት ስሄድ ዶክተሩ ከበር ላይ ቆሞ አላየኝም። ቀሚስሽን ሰብስቢና ጉልበትሽን አሳዪኝ ነው ያለኝ።»

ስለዚህ ቆረጥኩት። ጽሑፉ ያለባትን ትንሿን ሳጥን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ ጣልኩ። ፊደሎቹ ትልልቅ ሆነው ቀሩ፣ ሥዕሉም ላባ ሆነ፤ ሻይ ሳንጠጣ ተጫነ። በራሴ ኮርቼ ዋልኩ። የአስተማሪዋ መልስ ግን ኩራቴን አበረደው። አሁን በደንብ ይነበባል፣ ግን የትኛውን ፕሮግራም እንደምትጠቀሙና የትኛውን የማሽን ዓይነት እንደመረጣችሁ አላውቅም፣ እሱን የሚያሳየውን ከላይና ከጎን ቆርጠሽ ጥለሽዋል፣ ብላ ጻፈች።

በዚያ ላይ መብራት ጠፋ። በጨለመው ስክሪን ፊት ተቀምጬ ለእትዬ «እኔ አልቻልኩበትም መሰለኝ። የተማረ ሰው ብንፈልግ ይሻላል» አልኳቸው።

«አንቺ አልተማርሽም? እኔ ስንት ቀሚስ አበላሽቼ ነው መቁረጥ የለመድኩት» አሉኝ። «ለስፌት የሚሆን ትርፍ ሳልተው ቆርጬ የጠበበብኝ ስንቱ ነው። ዙሪያውን ትንሽ ተይለትና እንደገና ላኪ።»

መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀመርኩ። ሳጥኗን ከላይ ካለው የፕሮግራሙ ስምና በስተቀኝ ካለው የማሽን መምረጫ ጋር አድርጌ ቆረጥኩ። ሥዕሉን የማስቀምጥበት የፋይል ዓይነትም ለውጥ እንደሚያመጣ ያኔ ገባኝ። ለሰው ፎቶ የሚሆነው ዓይነት ፊደሎቹን ዳር ዳራቸውን ሲያደበዝዛቸው፣ ሌላው ቀለሙን ቀነስ አድርጎ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ይተወዋል፤ ክብደቱም ይቀላል። ሦስተኛውን ሥዕል ስልክ ተደውሎ መስመሩን እንዳይቆርጠው እየጸለይኩ ላክኩት፤ እትዬም ሻርፓቸው ጫፍ ውስጥ እጃቸውን ሸጉጠው አጠገቤ ቆመው ጠበቁ።

አስተማሪዋ በዚህ ጊዜ በጽሑፍ ብቻ አልመለሰችም። የራሷን ስክሪን ቆርጣ፣ አንዲት መስመር በቀይ ከባ፣ ወደ እሷ የሚያመለክት ቀስት ሥላ ላከችልን። ነገሩ የማሽን ብልሽት አልነበረም። ፕሮግራሙ የሌላ ማሽን ስም ተመርጦበታል። በዚያ ምክንያት ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ክፈፍ ትንሹ ነው ብሎ ያምናል፤ ትልቁን ጥልፍ ሲያዙት አይበቃኝም እያለ ይቆማል። ቀይ የተከበበችውን መስመር መምረጥ ብቻ ነበር የቀረን።

አሠሪዬን አስፈቅጄ ከእትዬ ጋር ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከበርበሬ በረንዳ የመጡ ተሸካሚዎች ጆንያ ተሸክመው «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ሲያልፉን ሁለታችንም እያነጠስን ግድግዳ ተጠጋን። እትዬ ግን አይቆሙም፤ ባመመው ጉልበታቸው ከእኔ ይፈጥናሉ።

ሱቅ ገብተን አትሜ የያዝኩትን የአስተማሪዋን ሥዕል ስክሪኑ አጠገብ አድርጌ መስመሯን ፈልጌ መረጥኩ። ትልቁን የደረት ጥልፍ ከፈትኩ። ያ ጽሑፍ አልወጣም። እትዬ ራሳቸው ማስጀመሪያውን ተጫኑ፤ መርፌው ሁለት ሦስቴ ቀስ ብሎ ወጋ፣ ከዚያ ፍጥነቱን አገኘና አረንጓዴው ክር በነጩ ጨርቅ ላይ መሮጥ ጀመረ። ታናሿ ጠላፊ አፏን በእጇ ያዘች። ታላቂቱ እልል አለች። እትዬ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉና እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከጨርቁ አላነሱም። እኔም ወደ ሥራዬ መመለሴን ረስቼ ቆሜ አየሁ። በሥራ ዘመኔ የብዙ ሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የአንዱንም መጨረሻ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

የተጠናቀቀውን ጥልፍ በተውሶ ካሜራ አንስተን ለፎረሙ ላክን። አሁን ግን የሚቆረጥ የለውም፣ ሁሉም መታየት አለበት፤ ስለዚህ ፎቶውን ማሳነስ ትክክል ሆነ። ከማላውቃቸው አገሮች ሴቶች ጻፉልን። አንዷ ቅርጹ ምን ይባላል አለች፣ ሌላዋ ክሩን ከየት ነው የምታገኙት አለች። እትዬ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያስነበቡኝ ይሰሙ ነበር። «ባሕር ማዶ ያሉ ሴቶች የኔን ጥልፍ እያዩ ነው?» ይሉኛል፣ ደግመው ደጋግመው።

ወሬው ሸማ ተራን ዞረ። ማሽኑ ያስቸገረው፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ የቆመበት፣ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ግማሹ ፍላሽ ቫይረስ የሞላበት ነበር። እኔም መፍትሔ በተገኘ ቁጥር ስክሪኑን ቆርጬ፣ ቀስት ሥዬ፣ በአማርኛ «እዚህ ጋ ተጫን» ብዬ አትምላቸዋለሁ፤ እነሱ ማሽናቸው ጎን ይለጥፉታል። አሠሪዬ ኮስታራ ሰው ነው፤ ጥቂት ሳምንት ዝም ብሎ ካየ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አስለቀቀልኝ። «ማመልከቻውን ሌላ ሰው ይጻፍ። አንቺ ይሄንን ያዢ» አለኝ። ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ማሽን የሚማሩባቸውን በሥዕል የተደገፉ መመሪያዎች አዘጋጃለሁ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እትዬ ታናሿን ጠላፊ ይዘዋት መጡ። «አስተምሪልኝ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ እሷ ገና ናት» አሉ። ልጅቷ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማውሱን እንደ ጫጩት በስሱ ያዘችው። አንድ ስክሪን ከፈትኩላትና የሚቆረጠውን ክፍል እንድትመርጥ ነገርኳት። መስመሩን እየጎተተች ሄዳ ቆመች።

«እዚህ ጋ ይበቃል?» አለችኝ።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

መስመሩን ትንሽ ወደ ጎን አሰፋችና ቆረጠች።

«አሁን ልላከው?» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።