ፊልም የሚያስቆሙት ጋሼ

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለፈው ቅዳሜ ዋይሊ ከተማ ባለው ቤታችን ተሰብስበን አንድ የእንግሊዝ ፊልም እስከ መጨረሻው አየን። ማንም አላስቆመንም። አለመኖራቸው የገባኝ ያኔ ነው።

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ከቲያትር የተሠሩ የእንግሊዝ ፊልሞች ነፍሳቸው ነበር። ልክ ፊልሙ ውስጥ ጠቡ ሲጋጋል፣ «ፖዝ አድርጊው!» ይላሉ። «ይኼ እኮ መጀመሪያ ቲያትር ነበር። ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ አትጨርሱትም፤ ተነሡና በአማርኛ ተጫወቱት!»

ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ ሰሞን፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ ሲጮህብኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምውለው። አንድ እሑድ ጋሼ ፊልሙን አስቁመው፣ ባሏን ከቤት የምታባርረዋን ሴት ሆነሽ ተጫወቺ አሉኝ፤ ባልየው እሳቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን እንዴት አባርራለሁ?»

«ጋሼ የሚባል የለም! አሁን ያ ባለጌ ባልሽ ነኝ።»

ከሶፋው ተነሣሁና፣ «ውጣ! ቤቱ የእኔም ነው!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ጋሼ የእውነት በሩን ከፍተው ወጡና ደጅ ላይ ቆመው እየሳቁ አጨበጨቡልኝ።

ሰኞ ሱፐርቫይዘሩ ሲጮህ ቀና አልኩና በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ «አትጩህብኝ፤ ቀስ ብለህ ንገረኝ» አልኩት። ቀስ ብሎ ነገረኝ።

ጋሼ፣ ዛሬ የዚያው መጋዘን ሱፐርቫይዘር እኔ ነኝ። አልጮህም።