ከካርቶኑ ጋር የመጣው ገመድ

ቴሌቪዥናችን ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር አንድ መሳቢያ አለ። ውስጡ የስልክ ገመድ ብቻ ነው። ጫፉ የተላጠ አለ፣ አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለ አለ፣ የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው አለ። አንዱን ልምዘዝ ስል ሌሎቹ ተጠላልፈው ተከትለውት ይወጣሉ። ስንት ጊዜ ሰብስቤ ልጥላቸው ተነሥቻለሁ መሰላችሁ። ግን ከመሀላቸው ጥቁሩንና አጭሩን ሳይ እጄን እሰበስባለሁ። ወገቡ ላይ እስከ ዛሬ ያልጠፋ የቋጠሮ ምልክት አለው።

ቦሌ አራብሳ ከመግባታችን በፊት የምንኖረው መሀል ከተማ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። በግቢው ቧንቧውም ሽንት ቤቱም ቻርጀሩም የጋራ ነው። ያኔ ቻርጀር ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፣ ወፍራምና ቀጭን። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ "ቀጭን አላችሁ?" ካለ ምን ፈልጎ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ከሶኬቱ ነቅሎ መስጠት ነው። ኋላ ትልልቅ ስክሪን ያላቸው ስልኮች ሲመጡ ጠፍጣፋው ገመድ አብሮ መጣ። ማይክሮ ይሉታል። እሱ ደግሞ ላይና ታች አለው፤ ከተገለበጠ አይገባም።

እናቴ ይህን ነገር ፈጽሞ አልተቀበለችውም። "ደግሞ ሽቦ ላይና ታች አለው?" ትልና እንደመጣላት ትሰካዋለች፤ እምቢ ሲላት ትገፋዋለች። ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ ቀዳዳውን ያላላችው እሷ ናት። ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ካልተደገፈ ቻርጅ ማድረግ አቆመ። እሷ ግን መላውን አገኘችለት። ገመዱን ትንሽ ወደ ግራ ታጥፈዋለች፣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ታስገባለታለች፣ ከዚያ "ያዘ" ትላለች። እኔ ስሞክረው አይዝም።

ስልኩ ገና አዲስ ሳለ ነው ሰፈራችን ለልማት ሊፈርስ ነው የተባለው። ለእኛ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ጎረቤቶቻችን ከፊሉ ጎሮ፣ ከፊሉ አያት ሆነ። ከመበተናችን በፊት የመጨረሻው የጽዋ ማኅበር በግቢው ተደገሰ። እናቴና ጎረቤቶቿ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በየወሩ በየተራቸው የሚደግሱት ማኅበር ነው። የዚያን ቀን የእኔ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በእናቴ ስልክ ቀረጽኩት። ረጅም ቪዲዮ ነው። ዳቦ ሲቆረስ፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲቀላለዱ፣ የግቢው ትልቅ ሰው የነበሩት አባባ ብርሌያቸውን ይዘው ቆመው ሲመርቁ ይታያል። "ቤቱ ቢፈርስ ማኅበሩ አይፍረስ" አሉ፤ ሁሉም "አሜን" አለ። አባባ አያት ከገቡ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ ዐረፉ።

ጓዛችን የተጫነ ቀን እኔ መኪናው ላይ ሆኜ ዕቃ እቀበል ነበር። የሳሎኑን ስጋጃ ጠቅልላ ያሰረችው እናቴ ናት። አንሶላ አልብሳ አቀበለችኝ፤ አራብሳም ስንደርስ እንዳለ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አቆመችው። እዚያው ቀረ።

እኔ አዲሱን ቤት ገና ስገባ ነው የወደድኩት። የራሳችን ቧንቧ፣ የራሳችን ሽንት ቤት፣ በመስኮቱ የሚገባ ንፋስ! እናቴም "ጥሩ ነው" ትላለች፤ አባባሏ ግን የሰው ቤት ሄዳ እንደምታመሰግን እንግዳ ነው። ሲሚንቶው እግሬን ሲያቀዘቅዘኝ "ስጋጃውን ለምን አናነጥፈውም?" እላታለሁ። "ይቆይ" ትለኛለች። ለፈረሰው ሰፈር ሰዎች እዚያው አቅራቢያ ምትክ ቤት ይሰጣል የሚል ወሬ ነበር። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ እሷ ግን ይዛው ቀረች። "ነገ ልንሄድ ዛሬ መፍታት ምን ያደርጋል?" ትላለች። ነገ ነገ ሲባል ዓመት አለፈ።

ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ጎሮ ተደገሰ፣ አያትም ተደገሰ፤ ከዚያ የእናቴ ተራ ደረሰ። እሷ የእኔን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትጋብዝ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። አንዷ "አራብሳ እኮ ሩቅ ነው" ትላታለች፣ ሌላዋ "እስቲ እግዜር ያውቃል" ትላታለች። እናቴ ፊቷ እየከበደ ሄደ። የአባባ ባለቤት ጋር ስትደውል እንደዚያው ሲያንገራግሩባት ጊዜ "የዚያን ቀኑን ፊልም በቴሌቪዥን አሳያችኋለሁ" አለቻቸው። ከወዲያ በኩል "እሳቸው አሉበት?" ሲሉ ድምፃቸው እኔ ድረስ ተሰማኝ።

"ቆመው ሲመርቁ አሉ" አለቻቸው እናቴ።

"እመጣለሁ" አሉ።

እሳቸው እመጣለሁ ካሉ ሌሎቹ ይቀራሉ? ሁሉም እንመጣለን አሉ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። "ይቻላል አይደል?"

"ምን ችግር አለው!" አልኳት። አፌ ይፈጥናል፤ ጠባዬ ነው።

ፊልሙ ያለበት የእሷ ስልክ ግን የዱሮው ስልክ አልነበረም። ስክሪኑ ተሰንጥቆ የታችኛው ግማሽ ጣት አይሰማም፤ ስለዚህ ቪዲዮውን መርጦ ለሰው መላክ የማይታሰብ ነው። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቷል፤ ከገመድ ሲነቀል ወዲያው ይዘጋል። ያለው መንገድ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኝቶ መገልበጥ ብቻ ነው። ሰካሁት። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ላፕቶፑ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ዝም አለ። ነቅዬ ሰካሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ በሌላው ቀዳዳ ሞከርኩ። ዝም።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ መገናኛ ወርጄ ገመድ ገዛሁ። ሻጩ "ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ፋስት ቻርጅ፣ እሳት በይው!" አለኝ። እውነትም እሳት ነው፣ ቻርጁን ጥሩ አድርጎ ሞላ። ላፕቶፑ ግን ዝም። ሌላ ቀን ሌላ ሱቅ ገብቼ ነጭና ረጅም ገዛሁ፤ እሱም ያው። እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ስታገል ታየኛለች። አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ልትለኝ ብላ ተወችው። ምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኳትም።

የምሠራው ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች ባንዱ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሦስቱንም ገመዶቼን አየና ሳቀብኝ። "እነዚህ እኮ ቻርጅ ብቻ ናቸው" አለ። "ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፉት ሽቦዎች አሉ፤ ዳታ የሚያሳልፉትን ግን ሳይከቷቸው ትተዋቸዋል። እስከ ነገ ብትሰኪው አይሠራም።"

"ያንተን አውሰኛ" አልኩት።

የእሱን አወጣና አሳየኝ። አዲሱ ነው፣ ታይፕ ሲ። የራሱን ስልክ ሰክቶ አንድ ፊልም ሲገለብጥ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ አለቀ። "ደግሞ ላይና ታች የለውም፣ እንደፈለግሽ ትሰኪዋለሽ" ሲለኝ ሳቄ መጣ። እናቴ ስትጮህ የኖረችውን ነገር ዓለም አሁን ገና ሰማት። ችግሩ የእናቴ ስልክ ቀዳዳ ይህን አይቀበልም። ቢሮውን ዞሬ ጠየቅሁ፤ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ተሸጋግሮ ማይክሮውን ጥሎታል፣ ያልጣለውም ያለው እንደኔ ቻርጅ ብቻ ነው። ባለሙያው ለማንኛውም ብሎ የራሱን ገመድ አዋሰኝና "ከስልኩ ካርቶን ጋር የመጣውን ፈልጊው፤ እሱ ያለ ጥርጥር ዳታ ያሳልፋል" አለኝ።

የማኅበሩ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። እናቴ ለድፎ ዳቦው ታቦካለች።

"እማዬ፣ የስልኩ ካርቶን ውስጥ የነበረው ገመድ የት ገባ?"

እጇ ሊጡ ውስጥ ቆመ። "የቱ?"

"ጥቁሩ። አጭሩ።"

"አለ" አለች።

"የት?"

በአገጯ ወደ መኝታ ቤቱ አሳየችኝ። "ስጋጃው ላይ። ያን ቀን ሲባጎው አለቀብኝ፣ ሾፌሩ ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋብኛል። እጄ ላይ የተገኘው እሱ ነው፣ በሱ አሰርኩት።"

ደሜ ፈላ። "ሰሞኑን ሙሉ ስታገል እያየሽኝ?"

"አንዱ ይሠራል ብዬ ነዋ። ገመድ ገመድ አይደለም እንዴ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሊጡን እያየች፣ "እሱ ከተፈታ እኮ ስጋጃው ይፈታል" አለችኝ።

ንዴቴ በአንድ ጊዜ ወረደ። ዓመት ሙሉ ስጋጃ ይመስለኝ የነበረው ጥቅል ለእሷ ወደ ሰፈሯ የምትመለስበት ጓዝ ነበር። አንጀቴን በላችው። "በሲባጎ መልሼ አስረዋለሁ፣ የኔ እናት" አልኳት። ትንሽ አሰበችና እጇን ታጠበች።

አንሶላውን ገፈን ስናየው ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። ቢላ ላመጣ ስል "ቆርጠሽው ምን ልትሰኪ ነው?" ብላ ገሠጸችኝ። በጥፍሯም በጥርሷም ታገለችና ፈታችው። ስጋጃው እንደተለቀቀ ላላና ጫፉ መሬት ላይ ተዘረጋ። የዱሮው ቤታችን ሽታ ሳይጠፋ ውስጡ ነበረ፤ የናፍታሊኑ፣ የእርጥቡ ግድግዳ ሽታ።

ገመዱን ሰካሁት። ላፕቶፑ ጮኸ! ስልኩ ደግሞ ቻርጅ ብቻ ነው ወይስ ፋይል ይተላለፍ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው የመጣው ደግነቱ ጣት በሚሰማው በላይኛው ግማሽ ነው። መገልበጥ ጀመረ፤ ገመዱ ላላና ተቋረጠ። ከዜሮ ጀመርኩ። እንደገና ተቋረጠ። "አምጪው ወዲህ" ብላ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ገመዱን ወደ ግራ አጠፍ አድርጋ በጣቷ ደገፈችው። "ያዘ" አለች።

ከዚያ በኋላ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ላፕቶፑ ጥቂት ደቂቃ ቀረ ይላል፣ ተመልሶ ብዙ ቀረ ይላል፣ እንደገና ጥቂት። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን እያለ መኪናውን እንደሚያቆም የታክሲ ረዳት ነው። እሷ ግን መስመሩ ላይ ዓይኗን ተክላለች። "ሊጡን እይልኝ፣ እንዳይፈስ" ትለኛለች። ሊጡን ሳገላብጥ ወደ ሳሎን አጮልቄ አየኋት፤ ያቺን ገመድ እንደ ሕፃን አንገት ደግፋ ተቀምጣለች። መስመሩ ሲሞላ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ጣቷ ደንዝዞ እያሸችው ነበር።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ሳሎኑ ውስጥ ስጋጃው ተነጥፏል። እሷ ዓይኔን አይታ "ለዛሬ ነው" አለችኝ።

ሁሉም መጡ። የመንገዱን ርቀት እየተራገሙ፣ የቤቱን ንፋስ እያደነቁ ገቡ። ምድር ቤት የሚኖሩት አዲስ ጎረቤታችን ወንበር አዋሱን፤ አልበቃ ሲል ከፊሉ ስጋጃው ላይ ተቀመጠ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ቪዲዮውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ አንዷ ሌላዋን "ያኔ ወፍረሽ ነበር" ትላለች። ስክሪኑንና መሬቱን እያፈራረቀች ያየች አንዷ "ይቺ ስጋጃ ያቺው ናት?" ስትል እናቴ "ያቺው ናት" አለቻት። አባባ ሲነሡ ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መርቀው "ማኅበሩ አይፍረስ" ሲሉ የቴሌቪዥኑም የሳሎኑም ሰው አንድ ላይ "አሜን" አለ። ባለቤታቸው ጥቁር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "እስቲ ድገሚልኝ ልጄ" አሉኝ። ደገምኩላቸው፤ የመጨረሻውን "አሜን" ፈገግ ብለው አሉት። የእሳቸው ስልክ አዲስ ነበርና በተዋስኩት ገመድ ሰካሁት። እናቴን ከሰዓት ሙሉ ያስቀመጣት ቪዲዮ እሳቸው መነጽራቸውን እስኪጠርጉ እንኳ አልጠበቀም። ስልኩን ጡታቸው ሥር ወትፈው ሄዱ። ሰው ያን ያህል ተደስቶ ከቤታችን ሲወጣ ያየሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

እንግዶቹ ሄደው ዕቃው ከታጠበ በኋላ ቃሌን አስታወስኩ። ሲባጎውን አመጣሁና ስጋጃውን ከጫፉ መጠቅለል ጀመርኩ። እናቴ ጀርባዋን ለሶፋው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ስጋጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ምን ልትሠሪ ነው?" አለችኝ።

"ላስረው ነዋ።"

"ተይው፣ ተቀምጬበት የለ?" አለች። ጥቁሩን ገመድ ከጎኗ አንሥታ በጣቶቿ ላይ ጠቀለለችና ዘረጋችልኝ። "ይልቅ ይሄን መሳቢያ ውስጥ ክተችው፤ እንዳይጠፋ።"